ወደ ደካ የበረረው ሚኒባስ

ጋሽ ሣህሌ የማያውቁት ኩርባ፣ በስሙ የማይጠሩት ጉድጓድ በካፋ ምድር የለም። ሚኒባሳቸው ከአስፋልቱ በፊት ቦንጋ የገባ ነው፤ አስፋልቱ ሲመጣ በየት በኩል ማለፍ እንዳለበት ያሳየው እሱ ነው የሚሉም አሉ። በጭቃ ወራት ሌላው ሾፌር ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ሲተኛ፣ ጋሽ ሣህሌ በአንድ እጃቸው መሪ፣ በሌላው ሸንኮራ ይዘው ደካ ደርሰው ይመለሱ ነበር። አንዴ ቢታ ገነት መግቢያ ላይ የተዘጋ መንገድ በጥሩምባ ብቻ አስከፍተዋል፤ የወደቀው ዛፍ ራሱ ተነስቶ አሳለፋቸው። ያላመነ መናኸሪያ ሄዶ ይጠይቅ።

እንዲህ ያሉትን ሰው ያንበረከከቻቸው ሦስት ዓመት ያልሞላት ሊና ናት።

ሊና የልጃቸው የበዛወርቅ ልጅ ናት። በዛወርቅ ባሏን ዮናታንን ተከትላ ቻይና፣ ጓንዡ የሚባል ከተማ ከገባች ሰነባብታለች፤ ሊናንም የወለደቻት እዚያው ነው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱም ለእረፍት ቦንጋ መጡ። ሕፃኗ በመጣች በሳምንቷ ለሰፈሩ ዶሮዎች በሙሉ ስም አወጣችላቸው፤ ባጃጅ ነጂዎቹ ሳያዩዋት ካለፉ ቀናቸው አይቀናም እስከማለት ደረሱ። ከሁሉም በላይ ግን የአያቷ ነበረች። ጠዋት ጠዋት በቆመው ሚኒባስ ውስጥ ጭናቸው ላይ ቁጭ ብላ መሪውን ትይዝና በአፏ ሞተር እያስነሳች ጅማ፣ ሚዛን፣ ደካ ታደርሳቸዋለች። ጋሽ ሣህሌም እንደ ተሳፋሪ “ወራጅ አለ” እያሉ ያስቆሟታል። ዕድሜ ልካቸውን ሲነዱ ኖረው፣ ሰው ሲነዳቸው ደስ ያላቸው ያኔ ብቻ ነው።

እረፍቱ ሊያልቅ ሲል ቤቱ ውስጥ ሹክሹክታ ተጀመረ።

ትኬታቸው የእሁድ ማታ ነው። ሌሊቱን በረው ሰኞ ይገባሉ፤ ማክሰኞ ጠዋት ዮናታን ስንት ዘመን የጠበቀውን የመጋዘን ኃላፊነት ይረከባል። በዛወርቅ ግን ሁለተኛ ሊናን ይዤ በሌሊት አልበርም ብላለች። ሲመጡ የሆነውን የነገረችው ለእናቷ ለእትዬ ይመኙሻል ብቻ ነው። መብራቱ ከጠፋ ጀምሮ ልጅቷ ስታለቅስ፣ አውሮፕላኑ ህንድን ሲያቋርጥ መሬት ላይ ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ መስኮታቸውን ዘግተዋል። አንዱ ከፊት ዞሮ አፈጠጠ፤ አንዷ አስተናጋጇን ጠርታ ቦታ ቀይሩልኝ አለች። በዛወርቅ ልጇን ታቅፋ ከወንበር ወንበር ይቅርታ ስትጠይቅ አደረች፤ በመጨረሻ መጸዳጃ ቤት ገብታ አብራት አለቀሰች።

ትኬት የቆረጠላቸው ቢሮ ማክሰኞ በቀን የሚነሳ በረራ ላይ ላዛውራችሁ እችላለሁ፣ እስከ ቅዳሜ ረፋድ ወስናችሁ ንገሩኝ ብሏል። ባልና ሚስት በዚህ ተያያዙ።

“ገና ፊቴን በወጉ ለማያውቅ አለቃ፣ በመጀመሪያው ቀን ቀረሁ ልበለው?” ይላል ዮናታን።

“አንተ ምን አለብህ፣ ተኝተህ ነው ያደርከው።”

“ጆሮዬን ይዤ ነበር እንጂ መች ተኛሁ።”

ጋሽ ሣህሌ በረንዳ ላይ ጫማ የሚጠርጉ መስለው ይህን ሁሉ ሰሙ። የራሳቸው ሂሳብ ነበራቸው። በሌሊቱ ከሄዱ እሁድ ጎህ ሲቀድ ከቦንጋ መነሳት አለባቸው። በቀኑ ከሄዱ ግን እሁድን ውለው ሰኞ ነው የሚወጡት። አንድ ሙሉ እሁድ፤ ሊና ጭናቸው ላይ ሆና አገር ምድሩን የምትዞርበት እሁድ። ይህችን ቀን ካላገኙ የሚሞቱ መሰላቸው። በቀጥታ ቅሩልኝ እንዳይሉ ደግሞ የአማቻቸው እንጀራ ነው፤ ከአፋቸው አይወጣም። ስለዚህ በቀጥታ ያልሆነውን መንገድ አሰቡ፤ ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ ሙያቸው ነው።

ሐሙስ ማታ ራት ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ለምን አንሞክረውም?”

“ምኑን አባዬ?” አለች በዛወርቅ።

“በረራውን ነዋ። ሚኒባሱ አለ፣ ሰው አለ፣ መንገድ አለ። ልጅቷ ከተኛች በሌሊቱ ትሄዳላችሁ። ካልተኛች ደግሞ፣ ምን ይደረጋል፣ በቀኑ።”

ዮናታን ሳቀ፤ በዛወርቅም ከቀናት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ዘመኑን ሁሉ ባላቸውን ሲያነቡ የኖሩት እትዬ ይመኙሻል ብቻ አልሳቁም። ልጆቹ ለመኝታ እስኪሄዱ ጠብቀው “ሣህሌ፣ ምን አስበህ ነው?” አሏቸው። ጋሽ ሣህሌ ለልጄ ብዬ ነው ብለው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ቦንጋ አይታ የማታውቀው ጉድ ሆነ። ሌሊት እንዲመስል የሚኒባሱ መስኮቶች በሙሉ በጋቢ ተሸፈኑ። ጋሽ ሣህሌ ተሳፋሪውን ራሳቸው መለመሉ፤ ሳል የያዘው፣ ሲያወራ የሚጮኸው፣ ሲተኛ የሚያንኮራፋው ሁሉ ተጠራ። ከመንገድ ማዶ ሱቅ ያለው አብዱ፣ ቦንጋ ውስጥ ከሱ በላይ ሳቂታ የሌለ ሰው፣ የተቆጪ መንገደኛነት ሥራ ተሰጠው። ግቢው ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው የባንክ ሠራተኛዋ ሩሀማ አስተናጋጅ ሆነች። አንገቷ ላይ ሻሽ አስራ በሩ ላይ ቆመች፤ እውነተኞቹ አስተናጋጆች ቢያዩዋት ኖሮ ሥራ በለቀቁ ነበር።

“ክቡራን መንገደኞች፣ ቀበቶዎን ይሰሩ” አለች። ቀበቶ ስላልነበረ ነጠላ ያለው በነጠላው ታሰረ። ሚኒባሱ አጓርቶ በደካ መንገድ ተነሳ።

አስፋልቱ አልቆ ጥርጊያው ሲጀምር የሊና ዓይን ከበድ ከበድ አለ። ጋሽ ሣህሌ በመስታወቱ አይተው ደነገጡ፤ ሥራቸውን ጀመሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሲሸሿቸው የኖሩትን ጉድጓዶች አንድ በአንድ እየዞሩ ሰላም አሏቸው። በየኩርባው ጥሩምባውን አምባረቁት። ሊና ብድግ አለች፤ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ጫካው ውስጥ የነበሩ ጉሬዛዎች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ወጡ።

አብዱ ተራው መሆኑን አወቀ። “እመቤት፣ ልጅዎን ዝም ያሰኙ እንጂ” አለ በማያውቀው ድምፅ። “እኛም ከፍለን ነው የተሳፈርነው።”

በዛወርቅ ጨዋታ መሆኑን እያወቀች ረሳችው። ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ “ይቅርታ፣ ይቅርታ” ማለት ጀመረች፤ ለአብዱ፣ ለሚያስለው፣ ለሚያንኮራፋው። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እሷ አጥብቃ ባቀፈቻት ቁጥር ልጅቷ ይብስባታል። ጋሽ ሣህሌ የልጃቸውን ፊት በመስታወቱ አይተው እግራቸውን ከነዳጁ አነሱ፤ ግን እሁድ ትዝ አላቸውና ወደሚቀጥለው ጉድጓድ አመሩ።

ይኼኔ ነው መንገድ ዳር እጅ የተነሳው።

አንዲት ሴት ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ጀርባዋ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ከኋላዋ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ቆመዋል። አሁን እንግዲህ ጋሽ ሣህሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ዳር የተነሳ እጅ አልፈው አያውቁም። እግራቸው ጌታውን ሳያማክር ፍሬኑን ረገጠ።

“ጋሽ ሣህሌ፣ አየር ላይ ነን እኮ” አለች ሩሀማ።

“ይግቡ፣ ቦታ አለ” አሉ እሳቸው፤ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት።

ሴትዮዋ ዕፀገነት ትባላለች፤ ከገበያ ቀን ቀድማ ዘመድ ቤት የምታድር የገጠር ነጋዴ ናት። ጋቢዎቹን አየችና “ሰው ሞተ?” አለች። በረራ ነው አሏት። እሺ ብላ ከበዛወርቅ ጎን ተቀመጠች፤ ቆጮዋን እግሯ ሥር አደላደለች። ከዚያ ዞር ብላ የሚያለቅስ ልጅ አየች፤ የተጨነቀች እናት አየች። ፈቃድ መጠየቅ፣ ስም መጠየቅ የሚባል ነገር አላወቀችም። ሁለት እጇን ዘረጋች።

“አምጪያት” አለች።

በዛወርቅ ይቅርታ ልትላት አፏን ስትከፍት ልጅቷ ሄዳለች።

በዚያ መንገድ ሁሌም እንዲህ ነው። ሚኒባስ ሲሞላ የማንም ልጅ የማንም ጭን ላይ ነው የሚሄደው፤ እናቲቱ የምታገኘው ስትወርድ ነው። ዕፀገነት ሊናን ጭኗ ላይ አቁማ በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ የሆነ ነገር አንጎራጎረችላት፤ ለቅሶው ወደ ንፍርቅ ወረደ። ከዚያ ለሽማግሌው አቀበለቻቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አጠለቁላት፤ ፊቷ በሙሉ ገባበት። ከሳቸው ወደሚያስለው፣ ከሚያስለው ወደሚያንኮራፋው አለፈች፤ በመጨረሻ የተቆጪው መንገደኛ ጭን ላይ አረፈች። አብዱ መቆጣቱን ጨርሶ ረስቷል። ሊና ፂሙን በአንድ እጇ ጨበጠች፣ ራሷን ደረቱ ላይ ጣለች፣ ተኛች። አብዱ እንዳይቀሰቅሳት ትንፋሹን ያዘ፤ ቦንጋ እስኪመለሱ አልተነፈሰም።

ሚኒባሱ ውስጥ እንዲህ ያለ ፀጥታ ከተፈበረከ ጀምሮ አልነበረም። ጋሽ ሣህሌ እጃቸውን ወደ ጥሩምባው ሰደዱ። ጋቢና የተቀመጡት እትዬ ይመኙሻል እጃቸውን በባላቸው እጅ ላይ ጫኑ።

“ይበቃሃል” አሏቸው ቀስ ብለው።

ጋሽ ሣህሌ በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩ። በዛወርቅ ባዶ ክንዷን ጭኗ ላይ ጥላ፣ እንደ ሰው ዕቃ ታየዋለች። ከዚያ ራሷን ወንበሩ ላይ ደገፍ አደረገች። ጋሽ ሣህሌ ማርሽ ቀነሱ፤ ዕፀገነትንና ሽማግሌውን ከየመውረጃቸው አድርሰው፣ መኪናውን አዙረው፣ ጉድጓዶቹን በሙሉ እየሸሹ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ተመለሱ።

እቤት ሲደርሱ ሌላ ሁለት ዘዴ በኪሳቸው ቀርቶ ነበር፤ ጎማ ፈነዳ ማለት አለ፣ የጅማ መንገድ ተዘጋ የሚል ወሬ አለ። በዛወርቅ ግን ተሳፋሪው እስኪበተን ጠብቃ ሚኒባሱ አጠገብ አገኘቻቸው።

“አባዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ መንገድ ወስደኸኛል። አንድ ቀን ጉድጓድ ገብተህ አታውቅም።”

ሰው ምድር ትዋጠኝ የሚለው እንዲህ ሲሆን ነው። ዛፍ በጥሩምባ ያስነሱት ሰውዬ መጥረጊያ ጨርቃቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አገላበጡ።

“እሁድን ፈልጌያት ነው” አሉ በመጨረሻ። “አንድ ቀን ናት ብዬ።”

ትቆጣለች ብለው ጠበቁ፤ አልተቆጣችም። አጠገባቸው መጥታ ክንዳቸውን ያዘች።

“እኔስ እሁድን ያልፈለግኋት መሰለህ? ግን ዮናታን ሥራውን ይያዝ። በሌሊቱ እንሄዳለን።”

“እዚያ ላይ ዕፀገነት የለችም እኮ ልጄ። ማን ይቀበልሻል?”

“አላውቅም” አለች በዛወርቅ። “ያን ቀን አውሮፕላኑ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ይቅርታ ብያለሁ፤ አንዱንም ሰው ግን ያዝልኝ አላልኩትም። ምን እንደሚሉኝ አይቼ አላውቅም። ዛሬም ቢሆን እሷ እጇን ባትዘረጋ አልሰጥም ነበር።”

ጋሽ ሣህሌ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ይህች ልጅ ቦንጋ አደባባይ ላይ ብስክሌት ስትማር ደግፉኝ ሳትል ጉልበቷን ልጣ የተማረች ናት። የካፋ ተራሮች ተደራርበው ቢወድቁባት አንሱልኝ የማትል ልጅ፣ አሁን ለማታውቀው ሕዝብ እጇን ልትዘረጋ ነው። እሳቸው ማታለል እንጂ መለመን ያልቻሉትን፣ እሷ ልትሞክረው ቆርጣለች።

ቅዳሜ ረፋድ ዮናታን ለትኬት ቢሮው ደውሎ እንዳለ ይሁን አለ። እሁድ ጎህ ሲቀድ ራሳቸው ጋሽ ሣህሌ ነዷቸው። ጅማን፣ የጊቤን ቁልቁለት፣ ወሊሶን አልፈው፣ ሕፃኗን እስከ ቦሌ በር አንዴም ሳያነቃንቁ አደረሷት፤ መንገዱ ራሱ ተዘርግቶ ጠብቋቸዋል።

ሸኚ ከሚቆምበት መስመር ላይ ቀሩ። ዮናታን ሻንጣዎቹን እየገፋ ቀደመ። በሩ ላይ ያለው ሰልፍ እስከ አገር ጠረፍ ይደርሳል፤ ሊና ነቅታለች፣ መነጫነጭ ጀምራለች። በዛወርቅ በአንድ እጇ እሷን፣ በሌላው ፓስፖርቶቹን ይዛ ወዲያ ወዲህ አለች። ከፊቷ አንዲት ወፍራም ቻይናዊት ቆማለች፤ ፊቷ ገና ያልተከፈተ ቢሮ ይመስላል። ጋሽ ሣህሌ ልጃቸው እንደ ልማዷ አንገቷን ስትሰብር አዩ፤ ይቅርታ ልትል ነው ብለው ዓይናቸውን ከሷ ሊያነሱ ነበር።

በዛወርቅ ቀና አለች። አንድ ነገር ተናገረችና ሊናን በሁለት እጇ ወደ ሴትዮዋ ዘረጋቻት።

ሴትዮዋ ሕፃኗን አየች፣ እናቲቱን አየች። ለጋሽ ሣህሌ የቦሌ መብራት በሙሉ የጠፋ መሰላቸው። ከዚያ ሴትዮዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፤ እጆቿን ከፈተች።

“አየሻት?” አሉ ጋሽ ሣህሌ፣ አጠገባቸው ለቆመች ለማያውቋት ሌላ ሸኚ። “የኔ ልጅ ናት።”

ሊና በማታውቃት ሴት ትከሻ ላይ ሆና ለሰልፉ ሁሉ እጇን እያወዛወዘች ወደ ውስጥ ገባች።