በግሪንዊች ሰዓት የተጻፈ ደብተር

“ጓድ ገሰሰ አሁኑኑ ይፈልጉዎታል” አለች ጸሐፊዋ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ።

“አሁን አልችልም። ሳተላይቷ እያለፈች ነው” አላት ዘርአጽዮን፣ ዓይኑን ከማሽኑ ሳይነቅል።

ጸሐፊዋ ደንግጣ ቆመች። ግንቦት 1976 ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ሲጠራው “አልችልም” የሚል ሰው ወይ ከበላይ ዘመድ አለው፣ ወይ ጤና የለውም። ዘርአጽዮን ዘመድም የለው፣ ጤናውም ደህና ነው። የከባቢ አየር ፊዚክስ ያጠና የአርባ ዓመት ሰው ሲሆን፣ ሥራው ሳተላይት ከሰማይ የምትልከውን የደመና ምስል ቦሌ ካለችው ጠባብ ክፍል ሆኖ መቀበል ነው። ሳተላይት ደግሞ ቆይ ቢሏት አትቆይም። በደቡብ ብቅ ብላ በሰሜን እስክትጠልቅ ያላት ዐሥራ አራት ደቂቃ ነው። ጓደኛው ዱባለ ውጭ ሆኖ አንቴናውን በእጅ እያዞረ ይከተላታል፤ ውስጥ ደግሞ ማሽኑ ምስሉን መስመር በመስመር ወረቀት ላይ ያወጣዋል። ዘርአጽዮን እስከ መጨረሻው መስመር ጠበቀ። ከወሎ ወደላይ ያለው አገር ዛሬም ደመና የለበትም። ወረቀቱን ቆርጦ ሰቀለና ወደ ካድሬው ቢሮ ሄደ።

ጠረጴዛው ላይ ያየው የመጀመሪያ ነገር የራሱ ደብተር ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲፈልገው የሰነበተ ደብተር። የስድስት ዓመት ሥራው ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሳተላይቷ ያለፈችበት ሰዓት፣ የታየው ደመና፣ በየጣቢያው የዘነበው ዝናብ። ከደብተሩ አጠገብ የሌኒንግራድ የትምህርት ደብዳቤው ተቀምጧል። ለዶክትሬት ዲግሪ ዐሥር ዓመት ጠብቆ ያገኘው ዕድል ነው፤ የቀረው የገሰሰ ፊርማ ብቻ ነበር።

“ይህ የማን ነው?” አለ ገሰሰ። በዕድሜ ከዘርአጽዮን በሰባት ዓመት ያንሳል፤ ጓድነት ግን ዕድሜ አያውቅም።

“የእኔ ነው። ከየት አገኙት?”

“የአብዮቱ ዓይን ብዙ ነው። ተቀመጥ።” ደብተሩን ገለጠ። “ሰኞ፣ 11፡44፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ 71። ማክሰኞ፣ 11፡33፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን። ሁልጊዜ ወደ ሰሜን። ሰሜን ማን አለህ?”

ሰሜኑ በጦርነት ላይ በነበረበት በዚያ ዓመት፣ ይህ ጥያቄ አክሱም ለተወለደው ለዘርአጽዮን የጂኦግራፊ ጥያቄ አልነበረም።

“ወደ ሰሜን የምትሄደው ሳተላይቷ ናት። 71 ማለት ከአድማስ ያላት ከፍታ ነው፣ በዲግሪ።”

“ሰዓቱስ? ሠራተኛ የሚወጣው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ዘበኛውን ጠይቄዋለሁ፤ አንተ በሰዓትህ ትወጣለህ። ታዲያ አሥራ አንድ ከአርባ አራት ላይ እዚህ ሆኖ ይህን የሚሠራው ማን ነው? ከአንተ በኋላ ክፍሉን ቆልፎ የሚወጣው ዱባለ ነው አይደል?”

“ጓድ ገሰሰ፣ ይህ እኮ የግሪንዊች ሰዓት ነው። በእኛ ከቀትር በኋላ ስምንት ከአርባ አራት ማለት ነው። የዓለም የአየር ጠባይ ባለሙያ ሁሉ የሚጽፈው በዚህ ሰዓት ነው።”

“በኢትዮጵያ ሰማይ የሚያልፈውን በእንግሊዝ ሰዓት?” ገሰሰ ፈገግ አለ። “ሳተላይቷስ የማን ናት?”

“የአሜሪካ። የሶቪየትም አለች።”

“አሜሪካ ፎቶውን በነጻ ትሰጥሃለች?”

“አንቴና ላለው ሁሉ ትለቀዋለች።”

“ኢምፔሪያሊዝም በነጻ የሰጠውን ሌላ ነገር እስቲ ንገረኝ።”

በነጻ መስጠቷ ዘርአጽዮንንም አንዳንዴ ይገርመው ነበር።

“ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር” አለ ገሰሰ፣ ደብዳቤውን በጣቱ ወደ ራሱ እየሳበ። “ዛሬ ከመውጣትህ በፊት ጽፈህ ለጸሐፊዋ ስጣት። ደብተሩን ማን ያውቀዋል፣ ማን ይነካዋል፣ ማንን ትጠረጥራለህ። ከልብህ ከጻፍክ ነገ እፈርምልሃለሁ።”

ወደ ክፍሉ ሲመለስ ዱባለ ምስሉ ላይ በቀይ እርሳስ የወንዞችን መስመር እያወጣ ነበር። ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ዱባለ የሬድዮ ሰው ነው፤ ዘርአጽዮንን ገና ያልሆነውን “ዶክተር” እያለ ይጠራዋል።

“ምን አሉህ፣ ዶክተር?”

“ደብተሬ እሳቸው ጋ ነው።”

“እሰይ፣ ተገኘ!”

“እሰይ” ማለቱ ለዘርአጽዮን የፈጠነ መሰለው። እንዴት እዚያ ደረሰ ብሎስ ለምን አይጠይቅም?

“ደብተሩ የሚቀመጥበት መሳቢያ ቁልፍ ያለው እኔና አንተ ጋ ነው” አለ ዘርአጽዮን።

“አዎ።”

“እኔ በሌለሁበት የጠየቀህ ሰው አለ?”

ዱባለ እርሳሱን አስቀመጠ። “ምን ለማለት ፈልገህ ነው?”

“ምንም። እንዲያው ነው።”

“ዓርብ ቤትህ ወስደኸው ነበር እኮ።”

“ቅዳሜ ጧት በቦርሳዬ ይዤ መልሻለሁ።”

“እንግዲያስ መልሰሃል” አለና ዱባለ ወደ ወንዞቹ ዞረ።

ሰው አንዴ ከተጠረጠረ ቢናገር ጥፋት ነው፣ ዝም ቢልም ጥፋት ነው። ዘርአጽዮን የጓደኛውን ጀርባ እያየ ነገር ይለቃቅም ጀመር። ባለፈው ወር ዱባለ ወደ ገሰሰ ቢሮ ሁለት ጊዜ ገብቷል። ስለ ሌኒንግራድ ሲነሣ ይስቃል። የግሪንዊችን ሰዓት ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ከፈለገ ለካድሬው በአንድ ቃል ሊያስረዳው ይችል ነበር። ይህ የመጨረሻው ነገር ልቡን አቃጠለው።

ወረቀት አወጣና ጻፈ። ደብተሩን ከእሱ ሌላ የሚያውቀው ጓድ ዱባለ ብቻ መሆኑን፣ ቁልፍም እንዳለው ዘረዘረ። በመጨረሻም፣ “ከእኔ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አላውቅም” የሚል ጨመረበት። ይህች ዓረፍተ ነገር ውሸት ነበረች። ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ ማሽኑን አጥፍቶ፣ አቧራ እንዳይገባበት ጨርቅ ያለብሰዋል። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ፖስታውን ለጸሐፊዋ ሰጥቶ ወጣ።

ላምበረት ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ አምለሰት ራት አቅርባ ትጠብቀው ነበር። እሷ ግን አልጎረሰችም። ደብተሩ ካድሬው ጠረጴዛ ላይ መገኘቱን ሲነግራት ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጣለች።

“እኔ ነኝ” አለች።

“ምኑን ነው አንቺ?”

“ቅዳሜ ጧት ፊትህን ስትታጠብ ከቦርሳህ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በቀበሌው የቤት ለቤት አሰሳ አለ ተብሎ ሲወራ ነበር። ለጎረቤታችን ለሎሚ ሰጠኋት፣ እህሉ ውስጥ እንድትደብቀው። ባሏ ወዳጆ አገኘውና ፈራ። መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት ብሎ ለቀበሌ አስረከበ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ማኅተም አይተው ነው ለመሥሪያ ቤትህ የላኩት። ሎሚ ዛሬ እያለቀሰች ነገረችኝ።”

ጎረቤቷ ሎሚ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ወዳጆም አይደለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው አምለሰት ናት። ዘርአጽዮን ግን መቆጣት አልቻለም፤ ሐሳቡ ለጸሐፊዋ የሰጣት ፖስታ ላይ ነበር።

“ደብተሩ እኮ የደመና ነው” አላት። “ምኑ አስፈራሽ?”

“ገልጬ አየሁት። ሰዓቱ ሁሉ ከሥራ ከወጣህ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ከአርባ፣ አሥራ አንድ ከሃምሳ፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሰሜን። አንተ ደግሞ እዚህ የምትደርሰው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከእነዚያ በረሃ ከገቡት ጋር ነህ ብዬ ነው።”

“ለምን አልጠየቅሽኝም?”

“ብጠይቅህና አዎ ብትለኝስ?” አለች አምለሰት።

ራቱ ቀዘቀዘ። ዘርአጽዮን ስለ ግሪንዊች ሊያስረዳት አልሞከረም። ገሰሰ ደብተሩ ላምበረት መንገድ ላይ መገኘቱን ከመጀመሪያው ያውቅ ኖሯል፤ የፈለገው የዱባለን ስም በዘርአጽዮን እጅ ተጽፎ ማግኘት ነበር። አግኝቷል።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ካድሬው ፊት ቆመ። ፖስታው ተከፍቷል፤ የሌኒንግራዱም ደብዳቤ ብዕር ተጋድሞበታል።

“ጥሩ ጽፈሃል” አለ ገሰሰ።

“ተሳስቻለሁ። ደብተሩን ቤቴ ይዤ ሄጄ መንገድ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ። ዱባለ አያውቅም። የትናንቱን ይመልሱልኝ።”

“ወረቀት አንዴ ከገባ አይወጣም። ሌላ መጻፍ ትችላለህ።” ገሰሰ ብዕሩን አነሣ። “ግን አስብበት። የመንግሥት ሰነድ ከግቢ አውጥቶ መጣል ጥፋት ነው። ጥፋት ያለበት ሰው ለትምህርት አይላክም። ዝም ብትል አሁን እፈርማለሁ።”

ዘርአጽዮን ደብዳቤውን አየው። ስሙ በሩሲያ ፊደል ተጽፏል። ሌላ ዐሥር ዓመት ቢጠብቅ ሃምሳ ይሞላዋል፤ ሃምሳ ዓመት የሞላውን ሰው ደግሞ ማንም ትምህርት ቤት አይጠራም። ፈለገው፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያች ደቂቃ በፊት ያን ያህል ፈልጎት አያውቅም።

“ወረቀት ይስጡኝ” አለ።

አምስት መስመር ጽፎ ፈረመ። ገሰሰ ሁለተኛውን ወረቀት ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ፋይል ከተተና ደብዳቤውን ሳይፈርም መሳቢያው ውስጥ አስገባው። ደብተሩንም አልመለሰም።

ክፍሉ ውስጥ ዱባለ አዲስ ጥቅልል ወረቀት ማሽኑ ላይ እያጠለቀ ነበር። “ፈረሙልህ?” አለ፣ ቀና ብሎ።

“አልፈረሙም።”

“ምነው?”

ዘርአጽዮን “ደብተሩን ስለጣልኩ ነው” ብሎ ሊያበቃ ይችል ነበር። በወረቀቱ ላይ የጻፈውም ይህንኑ ነው። ፋይሉን ዱባለ መቼም አያየው።

በሩን ዘጋ።

“ትናንት በአንተ ላይ ጽፌ አስገብቻለሁ” አለ። “ደብተሩን የሰጠኸው አንተ መስለኸኝ ነው። ዛሬ ሌላ ጽፌአለሁ፤ የትናንቱ ግን እዚያው ቀርቷል።”

ዱባለ ጥቅልሉን ከማሽኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

“ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር” አለ በመጨረሻ። “አሁን ከአንተ ጋር እንዴት ነው የምሠራው?”

“አላውቅም” አለ ዘርአጽዮን። “ግን ሳታውቅ ከእኔ ጋር እንድትሠራ አልፈለግኩም።”