መርዶ በስልክ አይነገርም

ኢልሃም ዐብዱረሕማን የምትመራቸውን ሠራተኞች በዓይኗ የምታያቸው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነበር። ድርጅቱ በሰሜን ጎንደር ደጋ ምንጭ ያጎለብታል። እሷ ጎንደር ከተማ ቢሮ ተቀምጣ ታስተባብራለች፣ እነሱ ገደል ለገደል ቧንቧ ይዘረጋሉ፤ የሚያገናኛቸው ስልክ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ ድንገት ሄዳ እንድትፈትሻቸው ይወተውታታል። እሷ ግን የነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ትክል ድንጋይ ከተማ ላሉት ደንበኞቹ ጨርቅ የሚልከው በቃል ብቻ ነበርና፣ ሰውን ከሩቅ የሚያሠራው ቃል እንጂ ቁጥጥር እንዳልሆነ ከልጅነቷ ታውቃለች። ለሠራተኞቿ ዋሽታ አታውቅም። በጀት ሲዘገይ ዘግይቷል፣ ሲቀርም ቀርቷል ትላለች። በከንቱ ስብሰባም ከሥራቸው አትጠራቸውም። እንዲህ ያለ አለቃ በፋኖስ ተፈልጎም አይገኝ።

ከሁሉ የሚርቀው ጎሹ ነበር። ከመካነ ብርሃን ከተማ ወዲያ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ይሠራል። ማታ ማታ አንድ አፋፍ ላይ ይወጣና ይደውላል፤ ስልክ የሚይዘው እዚያ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። የሥራውን ሲያበቃ ሁልጊዜ የሚጠይቃት ቁስቋም ብቻቸውን ስለሚኖሩት እናቱ ስለ እማማ ይመኙሽ ነው። ኢልሃም ቤቷ ከዚያው ሰፈር ስለሆነ ጎራ እያለች ታያቸዋለች። ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው።

በሁለት ሺ ሁለት ዓ.ም. ጥር ላይ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ እማማ ይመኙሽ ከተኙበት ሳይነሡ ቀሩ። የእድሩ ዳኛ አያ ሐብተ ማርያም ቢሮ ድረስ መጡ። ቀብሩ ልጁ እንዲደርስ ለነገ ከሰዓት በኋላ ተይዟል። ጎሹ ዛሬ ማታ ከተጠራ፣ መካነ ብርሃን ወርዶ የማለዳውን አውቶቡስ ይይዛል፤ እናቱን ይቀብራል።

«ብቻ እንዳትነግሪው፣ ልጄ» አሏት። «መርዶ በስልክ አይነገርም።»

«ካልነገርኩት እንዴት ይመጣል፣ አያ?»

«ለሥራ ትፈለጋለህ በይው። እሱ እኮ የሚሰማሽ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ነው። ቢወድቅ ማን ይይዘዋል? ይምጣና እኛ መካከል ይስማ።»

ኢልሃም እሺ አለች። እውነታቸውን ነው። የአጎቷን ሞት ለእሷም የነገሯት ዘመድ ሰብስበው፣ ግራና ቀኝ ደግፈው ነበር። የድርጅቱ መኪና ጋራዥ ባይገባ ኖሮ ሽማግሌዎቹን ጭና ራሷ ትሄድ ነበር።

ማታ ጎሹ ደወለ።

«ነገ ጎንደር ግባ» አለችው።

«ምነው?»

«ስብሰባ አለ።»

ሳቀ። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ? ነገ እኮ ገበሬው በሙሉ ቧንቧ ሊሸከም ይወጣል። እኔ ከሌለሁ ይበተናል፤ ዳግመኛ የሚሰበሰብልኝ አይምሰልሽ። ሰኞ ልምጣ።»

«ሰኞ አይሆንም። ነገ ነው።»

ጎሹም የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ሰው ከሩቅ በጥድፊያ ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

«ኢልሃም፣ እናቴ ደህና ናት?»

እዚህ ላይ ትንሽ ብታመነታ ኖሮ ይበቃው ነበር። «ትንሽ አመም አድርጓቸዋል» ብትለው እንኳ ሌሊቱን ይገሠግሥ ነበር፤ አገሩ ሁሉ እንዲህ እያለ ነው ሰው የሚያስመጣው። እሷ ግን ውሸት አልለመደችም፤ በግማሽ እንዴት እንደሚዋሽ አታውቅበትም።

«ደህና ናቸው» አለች ፈጥና።

«ተመስገን። እንግዲያስ ስብሰባው ይቅርብኝ» ብሎ ዘጋው።

መልሳ ደወለች፣ አልያዘም። ከአፋፉ ወርዷል። እዚያ ቀበሌ ሌላ የምትደውልለት ሰው አልነበራትም። ምናልባት ሲያስበው ይመጣል ብላ ራሷን አጽናናች፤ እስኪነጋ ግን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሬሳው ልጅ ይጠብቅ ጀመር። አያ ሐብተ ማርያም መንገድ መንገዱን እያዩ ካህናቱን ሁለት ጊዜ ለመኑ። ጥላው ሲረዝም ቀበሩ። ኢልሃም ከሙስሊም ጎረቤቶቿ ጋር ከአጥሩ ሥር ቆማ አለቀሰች። ከሁሉ ያንገበገባት ደግሞ ስላለቀሰች የሚያጽናኗት ሰዎች ነበሩ።

ገና ቤቷ ሳትደርስ ስልኩ ጮኸ።

«ኢልሃም፣ ቧንቧው አለቀልን። ሸጋ ሥራ ነው የተሠራ። ስብሰባው አለፈ?»

«አጠገብህ ሰው አለ?»

«ማንም የለ። ምነው?»

«ከገደሉ ራቅ በልና ተቀመጥ፣ ጎሹ።»

«መቼ?» አለ።

«ትናንት ጠዋት።»

«ተቀበረች?»

«አዎ። ጠብቀንህ ነበር።»

«ትናንት ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«አያ ሐብተ ማርያም ደህና ናት ቢሉኝ አላምናቸውም ነበር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሽማግሌ ነገር ይታወቃል፤ ያን ጊዜውኑ እነሣ ነበር። አንቺ ስለሆንሽ አመንኩ።»

ጎሹ ሥራውን አልተወም። ለተዝካሩ መጥቶ፣ እናቱን ስለጠየቀችለት አመስግኗት ተመለሰ፤ አልተቆጣትም። አሁንም ማታ ማታ ይደውላል። ሲሚንቶ ተጭኖልሃል ስትለው ግን «እውነትሽን ነው?» ይላታል።