አርባ ሦስት ትንፋሽ

ልጄ ሰው አይደለችም የሚል ደብዳቤ የደረሰን ሰኞ ጠዋት ነው። የደንበኛዬን ኮት ኮሌታ እየተኮስኩ ነበር። ልጄ ስልኳን እንደያዘች ከክፍሏ ወጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እማ፣ ዘፈኔን አነሱት።»

«ማን ነው ያነሳው? ሌባ?»

«ድርጅቱ ነው። ‹የዘፈነችው ሰው ሳትሆን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው ብለን ጠርጥረናል› ይላል።»

ካውያውን ኮሌታው ላይ ረስቼው ኖሮ ያነሳሁት ሲሸተኝ ነው።

ድርጅቱ የምትለው ዘፈን ተቀብሎ በየሰው ስልክ የሚያደርሰውን ነው። በእኛ ጊዜ ዘፈን በካሴት ይሸጥ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፎቶ ስላለ ሰው ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አሁን ድርጅቱ ከብዙ ሺህ ጀማሪዎች አርባ አዲስ ድምፅ መርጦ፣ አርብ ዕለት በብዙ አገር ላሉ አድማጮች ሊያስተዋውቅ ነበር። ልጄ ከአርባዎቹ አንዷ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ቀን ቀን የጥርስ ሐኪም ቤት ተራ እያስጠራች፣ ከሥራ ስትመለስ እየዘፈነች የጠበቀችው ይህንን ነው። ደብዳቤው እስከ ሐሙስ ሰው መሆኗን ካላስረዳች ከአርባዎቹ እንደምትወጣና ገጿም ለዘለዓለም እንደሚዘጋ ይናገራል።

«ሰው ሠራሽ መሆኗስ እውነት ነው» አለ ባለቤቴ ሻዩን እያማሰለ። «ሁለት ሰዎች ነን የሠራናት።»

«አባዬ!»

«ታዲያ ምን ልበል? የልደት ምስክር ወረቀትሽን ላኪላቸዋ።»

ባለቤቴ የአውቶቡስ መካኒክ ነው። ሞተር ፈንድቶ ፊቱን ቢያጠቁረው እንኳ መጀመሪያ የሚያወጣው ቀልድ ነው። እኔ ግን ካውያውን እስካስቀምጥ ድረስ የልጄን ቀሪ ዕድሜ አይቼ ጨርሼ ነበር፤ ገጿ ሲዘጋ፣ መዝፈን ስታቆም፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ተቀምጣ «ቁጥር አሥራ ሰባት!» እያለች ፀጉሯ ሲሸብት፣ መጨረሻ ላይ የራሷ ጥርስ ሲረግፍ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ሌላ ነበር። ዘፈኑ ለምን እንደተጠረጠረ ከእኔ በቀር በቤቱ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ልጄ የምትቀርጸው ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ተሰፍተው ያለቁ ኮቶችና ቀሚሶች ባለቤቶቻቸው እስኪወስዷቸው እዚያ ይሰቀላሉ። ልብስ ድምፅ ስለሚውጥ እንደዚያ ያለ ጸጥተኛ ክፍል በገንዘብም አይገኝ ብላ፣ ማይክራፎኗን ይዛ በሰው ኮት መሃል ትቆማለች። የቀረጸችውን የሚያስተካክልላት ጎረቤታችን ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል፤ የሁለተኛው ፎቅ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከመሬት ቤት ሆኖ ይሰማል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሱሪ ሊለካ መጣና «እትዬ፣ እስቲ ይስሙት» ብሎ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ዘፈኑ ግሩም ነው። ነገር ግን በየስንኙ መሃል «ህእ» የሚል ነገር አለ።

«ይሄ ‹ህእ› የሚለው ምንድን ነው?»

«ትንፋሽ ነው።»

«የማን?»

«የልጅዎ ነዋ! የማን ይሆናል?»

ደነገጥኩ። ይህንን የሰማ ሁሉ ልጅቷ ሳንባዋን ታማለች ማለቱ አይቀርም። ዛሬ ሳንባ ይላሉ፣ ነገ ልብ ይላሉ፣ ከነገ ወዲያ ማን ይጋብዛታል፣ ማንስ ያገባታል?

«አውጣው» አልኩት።

«እትዬ፣ ትንፋሽ እኮ ነው። ሰው ይተነፍሳል።»

«ይተንፍስ፤ ቤቱ ይተንፍስ! እኛ ልብስ ሰፊዎች መጀመሪያ በጊዜያዊ ክር እንይዛለን፣ ከዚያ በመኪና እንሰፋለን፣ ከዚያ ጊዜያዊውን ክር እንነቅላለን። ክሩ እንደተንጠለጠለ ልብስ የሚያስረክብ ሰፊ አይተህ ታውቃለህ? ያንተ ‹ህእ› ማለት ያ ክር ነው። ንቀለው።»

«ካልነቀልኩትስ?»

«ሱሪህን ያለ እግር ትወስደዋለህ።»

የወንድሙ ሠርግ በሁለተኛው ቀን ነበርና ነቀለው። አጠገቡ ተቀምጬ አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ አርባ ሦስት ናቸው። ሲያልቅ ዘፈኑ ልክ አሁን ከካውያ እንደወጣ ሐር ልስልስ አለ። ለልጄም አልነገርናትም። እሷ ስትሰማው «ጆሮ ዘንድሮ በጣም ጎበዝ ሆኗል» አለች፤ እኔም በልቤ ኮራሁ።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ጆሮ ተጠርቶ መጣ። ደብዳቤውን አነበበና ቀና ብሎ እኔን አየኝ። በዓይኔ «ዋ!» አልኩት።

«በቀን ስንት ሺህ የማሽን ዘፈን እንደሚጫን ታውቃላችሁ?» አለ ለሁላችንም። «አንዱ ቁጭ ብሎ ‹የፍቅር ዘፈን ሥራልኝ› ይለዋል፤ ውኃ ጠጥቶ ሳይጨርስ ይሠራለታል። ዘፋኝ የለ፣ ሙዚቀኛ የለ። ድርጅቱ እነዚያን የሚይዝ ሌላ ማሽን አቆመ።»

«ማሽን ማሽንን ሲያባርር መሃል ላይ የእኛ ልጅ ተረገጠች» አለ ባለቤቴ።

«አሁን ምንም ያልተነካውን የመጀመሪያ ቅጂ ስጠኝና ልላክላቸው» አለች ልጄ።

ጆሮ ጭንቅላቱን አከከ። «ዲስኬ ሞልቶ... ያለቀውን ሥራ ሳስረክብ የመጀመሪያውን እሰርዛለሁ።»

«ሰርዘኸዋል?!»

ጆሮ ሲሄድ ደረጃው ላይ ተከትዬው ወጣሁ። «በትንፋሹ ምክንያት ነው አይደል?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«በምን ሊሆን ነው እትዬ? አራት ደቂቃ ሙሉ አንዴም ሳትተነፍስ! ማሽኑ እውነቱን ነው። እኔም ብሆን እጠረጥራለሁ።»

«እንዳትነግራት።»

«እርስዎ ይነግሯታል?»

«እኔማ... ቀን አይቼ።»

የነገሩ አስቸጋሪነት ቀን አለመኖሩ ነው። ልጄ ቀኑን ሙሉ ለድርጅቱ ስትጽፍ ዋለች። እኔ ደግሞ ነግሬያት ሻንጣዋን ስትሸክፍ፣ በሩን ስትዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ወሬዋን ከሰው ስሰማ ይታየኛል። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ምሳ ቀርቧል» የሚል ወጣኝ። በሦስተኛው ጊዜ ልጄ ሰዓቷን አየችና «እማ፣ ደህና ነሽ? አሥራ አንድ ሰዓት እኮ ነው» አለችኝ።

ማክሰኞ መልስ መጣ። ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንዲት አጣሪ በስልክ በምስል ትደውላለች፤ ልጄም ዘፈኑ በተቀረጸበት ቦታ ሆና አጣሪዋ እያየቻት ትዘፍናለች። ሲሰማ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን የፈሩት ይደርሳል ነገር ሌሊቱን ዓይኔን ሳልከድን አነጋሁት።

ረቡዕ ባለቤቴ ፈቃድ ወስዶ ቀረ፤ ስልኩን የሚይዘው እሱ ነው። «እጄ መፍቻ ለምዷል፣ አይንቀጠቀጥም» ብሎ ነበር፤ አራት ሰዓት ሲሆን ስልኩ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጆሮ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ዓይኑን ከእኔ ላይ አያነሳም። አጣሪዋ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት።

«እዚህ ነው የቀረጹት?»

«አዎ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ።»

«እነዚህ ኮቶች የእርስዎ ናቸው?»

«የሰው ናቸው» አልኩ ከጎን። «ሐሙስ ይወሰዳሉ፤ ሁሉም በስም የተያዘ ነው።»

«እማ!»

ልጄ ዘፈነች። የኔ ልጅ ስለሆነች አይደለም የምለው፤ አባቷ ሲሰማ ስልኩን መያዙን ረስቶ አጣሪዋን ጣሪያ ጣሪያውን አሳያት። ስትጨርስ አጣሪዋ መነጽሯን አስተካከለች።

«እርስዎ ጥሩ ዘፋኝ ነዎት፤ ይህንን አይቻለሁ» አለች። «ግን የኔ ጥያቄ እሱ አይደለም። አሁን ሲዘፍኑ በየስንኙ ትንፋሽ ወስደዋል። የላኩልን ዘፈን ላይ አንድም ትንፋሽ የለም። ድምፅዎን ለማሽን ሰጥተው አዘፍነውት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። ይህንን የሚያስረዳልኝ አለ?»

«ትንፋሽ የለም?» አለች ልጄ። «እንዴት አይኖርም? እኔ... እኔ አላውቅም።»

እውነቷን ነው፤ አታውቅም። ግን የማያውቅ ሰውና የሚዋሽ ሰው ሲርበተበቱ መልካቸው አንድ ነው። አጣሪዋ አንገቷን ደፍታ መጻፍ ጀመረች። ጆሮ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ። ልጄ ወደ ጆሮ ዞረች፣ ጆሮ ወደ እኔ፣ ባለቤቴም ስልኩን ወደ እኔ። ፊቴን በስልኩ ስክሪን ላይ አየሁት፤ የተያዘ ሌባ እመስላለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እርስዎ ማነዎት?»

«እናቷ። ትንፋሿን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። አርባ ሦስት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ልጁን ሱሪውን ይዤበት ነው ያስገደድኩት፤ እሱ ጥፋት የለበትም። እሷም አታውቅም። ሳንባዋን ታማለች እንዳይሏት ፈርቼ ነው። ሳንባዋ ደህና ነው፤ አምና ራጅ ተነሥታለች፣ ፎቶው አለኝ፣ ላምጣው?»

 ሄጄ አመጣሁት። የልጄን ሳንባ ስልኩ ፊት በመስኮቱ ብርሃን ዘርግቼ ያዝኩ።

አጣሪዋ መነጽሯን አወለቀች፤ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ። «በሥራዬ» አለች መጨረሻ ላይ፣ «ስንት ዓይነት ማስረጃ ቀርቦልኛል። ሳንባ የቀረበልኝ ገና ዛሬ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ሰብሰብ አደረገች። «ይህንን ሁሉ በጽሑፍ አድርገው፣ ፈርመው፣ እስከ ማታ ይላኩልኝ። ውሳኔው የኔ ብቻ አይደለም፤ ቃል አልገባም።»

ስልኩ ተዘጋ። ልጄ ከኮቶቹ መሃል አልወጣችም።

«አባዬ» አለች፣ «ሚስትህን ጠይቅልኝ፤ ሌላ ያስቆረጠችብኝ ነገር አለ?»

«የለም ትላለች» አለ አባቷ፣ እኔን ሳይጠይቅ።

«ስድስት ዓመት ነው የለፋሁት በላት።»

«ስድስት ዓመት ነው የ...»

«እየሰማሁ ነው» አልኩ። «ልጄ፣ የሚመጣብሽን ክፉ ቀድሜ ልይዘው ብዬ ነው።»

«ክፉውን እኮ ያመጣሽው አንቺ ነሽ!»

 የስፌት መኪናውን ክዳን ገጥሜ እላዩ ላይ ጻፍኩ። በትምህርት ቤት ማመልከቻ አጻጻፍ ተምረናል፤ ቀን፣ ጉዳዩ፣ አካሉ። «ጉዳዩ፦ ትንፋሽ ስለማስቆረጤ» ብዬ ጀመርኩ። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ እያነበበ «‹ሱሪ በመያዣነት› የሚለውን አውጪው፣ የሚያስከስስ ይመስላል» አለ። አላወጣሁትም። ጆሮ በምስክርነት ፈረመ። ልጄ አንድም ቃል ሳትተነፍስ አነበበችው፤ አንድ የተሳሳተ ፊደል አረመችና ላከችው።

ሐሙስን በመርፌ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ሊመሽ ሲል መልሱ መጣ። ዘፈኑ ተመልሷል፤ ከአርባዎቹም ውስጥ ትቆያለች። ነገር ግን አርብ ስለደረሰ በሌላ ቅጂ መለወጥ አይቻልም፤ ያለ ትንፋሽ ይወጣል። በዚያ ላይ በድርጅቱ ደንብ ድምፅ ላይ ለውጥ ያደረገ ሰው ሁሉ በዘፈኑ ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ሥራው ተገልጾ መግባት አለበት።

ልጄ ጮኸች፣ አባቷን አቀፈች፣ ጆሮን አቀፈች። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ዝርዝሩን የምሞላው እኔ ነኝ» አለች።

«ሙዪው።»

«የሚቀጥለውን ዘፈን ከሕዝቡ በኋላ ነው የምትሰሚው።»

«እሺ።»

«ማዪልኝ።»

ማልኩ። ያኔ አቀፈችኝ፤ ትንሽ ጠበቅ አድርጋ፣ ትንሽም ቆንጠጥ አድርጋ።

አርብ ዘፈኑ ወጣ። ከዘፈኑ ሥር፣ ዘፋኝ፣ ግጥም፣ ቅንብር እያለ ወርዶ መጨረሻው ላይ «ትንፋሽ ያስቆረጠች፦ እናቷ» ይላል። ባለቤቴ ጋራዥ ወስዶ ለሥራ ባልደረቦቹ አንብቦላቸዋል። ይህንን ያየ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ሰው ግን የሚለው ሌላ ነበር። መጀመሪያ ዝርዝሩን አይቶ የሚስቅ ይመጣል፣ ከዚያ ዘፈኑን ይሰማል፣ ከዚያ ለሌላው ይልካል። እሁድ ላይ ልጄ በአድማጭ ብዛት ከአርባዎቹ አራተኛ ሆነች፤ ከሁለት አዳራሽም ፊት ለፊት መጥተሽ ዝፈኝ ብለው ጠሯት። «ሰው በዚህ ጊዜ በዓይኑ ካላየ አያምንም» አለ ጆሮ። «ማሽኑ ከመጣ ወዲህ አዳራሽ እየሞላ ነው።»

ሰኞ ልጄ እየሳቀች ስልኳን ይዛልኝ መጣች። አንድ የማላውቀው ጀማሪ ዘፋኝ ዘፈኑን ልኮ «ትንፋሽ ለሚያስቆርጡት እናት፦ የእኔንም ያስቆርጡልኛል ወይ?» ብሎ ጽፏል።

«ምን ልበለው?» አለችኝ።

ማዳመጫውን አድርጌ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከዚያ ራሴ ጻፍኩለት።

«ልጄ፣ ትንፋሽህን አትንካ፤ ያስፈልግሃል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ሳል ሰማሁ። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድና የተባልከውን ጻፍልኝ።»