ለእናትህ ማሽን ብቻ

እኛ መሥሪያ ቤት፣ ኮምፒውተር አለው ብላችሁ የማትጠረጥሩት ዕቃ ውስጥ ሁሉ የሚገባ ቦርድ የሚሉት የኮምፒውተር ሰሌዳ ይሠራል፤ የአሳንሰር፣ የውሃ ፓምፕ፣ በሽተኛ ቤቱ ሆኖ የሚተነፍስበት የኦክስጅን ማሽን። የሶፍትዌሩ እምብርት ከርነል ይባላል። የኔ ሥራ ለየቦርዱ ከርነል ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር የሚለውን መነሻ ፋይል መጠበቅ ነው። ሁሉም የሚወርሱት አንድ የጋራ ፋይል አለ፤ እሱ ላይ አንድ መስመር ካጠፋችሁ ከሁሉም ቦርድ ይጠፋል።

የኦክስጅኑ ቦርድ አየር ሲያጣ ይጮኻል። የተሠራውም ለዚሁ ነው። መሞከሪያ ጠረጴዛችን ላይ ደግሞ አየር ከየት ይምጣ፣ ሲጮህ ይውላል። አንድ ቀን አለቃችን እንግዶች ፊት ስለ ራሱ እያወራ ሳለ ጮኸበት። እንግዶቹን ሸኝቶ መጣና፣ «ድምፅ የሚባል ነገር ከጋራው ፋይል ይውጣ» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የኛ ሰው በበላበት ያጨበጭባል። አዲሱ ሶፍትዌር በሳምንቱ መጨረሻ ለየቤቱ ማሽን ሊላክ ነው።

እናቴ የምትተነፍሰው በዚያ ማሽን ነው። እህቴ ከጓዳ ሮጣ የምትደርስላትም ጩኸቱን ስትሰማ ነው። ደሜ ፈላ፤ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ይህንኑ ነገርኩት።

«ዘመድህ ባለበት ጉዳይ ሐሳብ መስጠት አትችልም» አለኝ።

«ታዲያ ዘመድ የሌለው ይናገር?»

«ዘመድ የሌለውማ ምን አገባው?»

ልወጣ ስነሳ ግን አንጀቱ ራራ መሰለኝ። «እኔም እናት አለችኝ። ለእናትህ ማሽን ብቻ ድምፅ ያለው ፋይል ለይተህ ሥራላት። ለሰው እንዳታወራ።»

ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። እንዲያውም እጅ ነስቼ ወጣሁ፤ ድምፁን ከጋራው ፋይል አጥፍቼ ለእናቴ ብቻ የሚሆን ፋይል ሠራሁ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ቱቦው አፍንጫዋ ላይ ስለሆነ ቃላት ትቆጥባለች።

«ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤቴስ? እሷም ይሄው ማሽን አላት።»

«የሷ ዝም ይላል።»

«ለምን?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ያንቺ ልጅ ነኝ።»

«የሷ ልጅ ሾፌር ነው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሾፌር በመውለዷ ትሙት?»

አፈርኩ።

በማግስቱ የእናቴን ፋይል ሰርዤ ድምፁን ወደ ጋራው ፋይል መለስኩት። ለየቤቱ የሚሄደውንም ሶፍትዌር ከዚያው ሠርቼ ላክሁ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ቦርዶች በአንድ ላይ ጮኹ። አለቃችን ጆሮውን ይዞ ወጣ።

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

«እናቴ ናት» አልኩት። ምን ብሎ እንደመለሰልኝ እንጃ፤ በጩኸቱ መሃል አልተሰማኝም።