ያልተጠራው ጫምሳ

ዲንቄ አባቷን ለማስፈታት የሚጠበቅባት አንድ ስም መዝለል ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓለም ጤና ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሽንኩርት ማሳው ዳር፣ አንዲት ትንሽ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን አለች። እዛ ኅዳር ላይ የሙታን ጸሎት ሲደርስ ሟቾቹ በተቀበሩበት ተራ በቃል ይጠራሉ፣ ሕዝቡም ለእያንዳንዱ ስም የዕረፍት ጸሎት ይመልሳል። ጠሪው የዲንቄ አባት ጋሽ ቀልቤሳ ነው። አምና ታዲያ ጫምሳንም ጠራው። ጫምሳ ጫካ ገብቶ የተገደለ ልጅ ነው። ሬሳውን ማንም እንዳይነካ ተብሎ መንገድ ዳር ሲውል፣ የክርስትና ልጄ ነው ብሎ የቀበረው ራሱ ቀልቤሳ ነው።

ዘንድሮ ወሬው አዲሱ የሚሊሻ አዛዥ ዱጋሳ ጆሮ ገባ። ለጠላት መጸለይ የአገር ክህደት ነው ብሎ ሽማግሌውን አሰረው። ዲንቄ ልትለምነው ስትሄድ ሳቀባት።

«እናንተ ድሮም ልባችሁ ሮም ነው፤ እዚህ ያለው እግራችሁ ብቻ» አላት።

ከዛ ነገሩን ቁርጥ አደረገው። እሑድ በአባቷ ቦታ ቆማ ትጥራ። ጫምሳን ከዘለለች አባቷ ይፈታል። ከጠራችው እሷም አባቷን ተከትላ ትታሰራለች፣ ቤተክርስቲያኗም ትታሸጋለች።

እሑድ ዱጋሳ መሣሪያውን እንዳነገተ በሩ ላይ ቆመ። የጫምሳ እናት እማማ ሻሼ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ዲንቄ መጥራት ጀመረች። ሚሊዮን የሚባለውን ሟች ጠራች፤ ተመለሰላት። ቀጥሎ ጫምሳ ነው፣ ከሱ በኋላ የገዛ እናቷ ኤቢሴ። ቶሎ ብላ ወደ እናቷ ልታልፍ አሰበች። ትንፋሿ ግን እምቢ አላት።

በዝምታው መሃል ከኋላ፣ ማንም ካልተቀመጠበት አግዳሚ፣ አንድ ድምፅ ቀደመ። ሕዝቡም ተከተለው።

«የዘላለም ዕረፍት ስጠው፣ ጌታ ሆይ።»

እማማ ሻሼ አንገታቸውን ደፉ። ዲንቄ እናቷን ጠራች፣ ሌሎቹንም ጨረሰች።

ዱጋሳ ደጅ ላይ ያዛት። «ለማን ነው የመለሱት?»

«እኔ ማንንም አልጠራሁም።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ» አለና ወደ ባዶው አግዳሚ አየ።

ቃሉን አክብሮ ይሁን ፈርቶ እንጃ፣ በማግስቱ ሽማግሌውን ለቀቀው። ቀልቤሳ ከስቶ፣ ጺሙ አድጎ፣ በእግሩ መጣ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ጠራሽው?»

«አልጠራሁትም፣ አባ» አለች። አቀረቀረች። «ግን መጣ።»

አባቷ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ብርድ ስለነበር ዲንቄ በሩን ልትዘጋ ተነሳች።

«ተይው» አላት። «ከኋላዬ ሰው አለ።»