የእትዬ ኔሬይዳ ኮንኮን

ሲዮማራ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሥሩን በጭልፋ መፋቅ ስትጀምር የቤተሰቡ ጨዋታ ጸጥ አለ። ኮንኮኑ ሊወጣ ነው። በባኒ ከተማ፣ እሑድ ምሳ ላይ፣ ከድስቱ ሥር ተጠብሶ የሚቀረው የሩዝ ቅርፊት ለቤቱ ታላቅ ይሰጣል፤ በዚህ ቤት ደግሞ ታላቋ የባሏ እህት እትዬ ኔሬይዳ ናት።

ይቺው ኔሬይዳ ናት በሲዮማራ ሠርግ ቀን፣ ሙሽራዪቱ ገና ሳትቀመጥ፣ «ጠንካራ ወንበር አምጡላት፤ ይሄ አይችላትም» ብላ ድፍን ሠርገኛ ያሳቀችባት። ሃያ ሁለት ዓመት አለፈው። ሌላው ረስቶታል፤ የተሳቀበት ሰው ግን አይረሳም፣ ልጆቼ።

ሐሙስ ዕለት ሲዮማራ ደም ግፊቷን ልትለካ ጤና ጣቢያ ተቀምጣ ሳለ ከመጋረጃው ወዲያ የምታውቀውን ድምፅ ሰማች። የምግብ ባለሙያዋ ኔሬይዳን ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ የእግርሽ ቁስል አልድን ያለው ለዚህ ነው፣ ነጭ ሩዝና ዳቦ ትተሽ ቦሎቄና አትክልት ላይ በርቺ፣ ቦሎቄውንም በልክ፣ እያለች ትመክራታለች።

«ሩዙን እሺ» አለች ኔሬይዳ። «ኮንኮኑ ግን ደረቅ ነው። ስኳሩ ከውሃው ጋር ተንኖ ሄዷል።»

«እትዬ፣ እሱም ያው ሩዝ ነው፤ እንዲያውም ዘይት የጠጣ።»

ኔሬይዳ አላመነችም። ስትወጣ ከሲዮማራ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙና የምርመራ ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀች። ለቤተሰቡም ትንፍሽ አላለች፤ ሰው ሲያዝንላት አትወድም።

አሁን በእሑዱ ገበታ ላይ ሳህኗን ዘርግታለች። «ሩዙ ይቅርብኝ፣ ኮንኮኑን ብቻ። ደግሞ አትሰስቺ።»

ሲዮማራ ከሐሙስ ጀምሮ ስታስብ የከረመችው ይህንኑ ነው፤ ክምር አድርጋ ልትሰጣት። ትብላ፣ እግሯም ይቆረጥ፣ ያኔ ወንበር የማመጣላት እኔ ነኝ። ጭልፋውን ሞልታ አነሳች። ዓይኗ ግን ጠረጴዛው ሥር ወዳለው፣ በፋሻ ወደ ተጠቀለለው እግር ሄደ። ጭልፋውን መልሳ ድስቱ ውስጥ ደፋችና የውሃውን ጆግ አንስታ ገለበጠችበት። ኮንኮኑ ተንሿሿና ሟሸሸ።

ከዚያ በኔሬይዳ ሳህን ላይ አንድ ጭልፋ ቦሎቄ፣ ዶሮና ሰላጣ አድርጋ ፊቷ አስቀመጠችላት።

«ምን ነካሽ?» አለ ባሏ ኤሊሄኒዮ። «እህቴን በገዛ ቤቴ? ይቅርታ ጠይቂያት።»

ኔሬይዳ አቀርቅራለች። አንድ ቃል ብትናገር ሲዮማራ ከወቀሳ ትድን ነበር፤ አልተናገረችም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። ያ መቅላት ለሲዮማራ ጣፈጣት።

ጎንበስ ብላ በጆሮዋ፣ «በራስሽ አፍ እስክትነግሪያቸው በየእሑዱ እንዲሁ ነው» አለቻት።

«ክፉ ነሽ።»

«ነኝ። ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ኤሊሄኒዮ ይቅርታውን እየጠበቀ ነው። ሲዮማራ አፏን ከፈተች፤ እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር። መልሳ ዋጠችው። አንድ አቮካዶ ለሁለት ከፍላ ግማሹን ኔሬይዳ ሳህን ላይ አኖረች።