የሠዓሊው ሱባኤ

ጥዑመ ልሳን ያሳተማት አንዲት የአጭር ልብ ወለድ መድበል ሰባት ዓመት አልፏታል። በባሕር ዳር እሱን የሚያህል ጸሐፊ የለም ብሎ ግን ያምን ነበር። ሐይቁ ዳር ካፌ ተሰብስበው ግጥም የሚያነብቡትን ወጣቶች «ማኪያቶ ጠጪዎች» ይላቸዋል። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል፤ ረጅሙ ልብ ወለዱ ያላለቀው ማስተማሩ ጊዜ ነስቶት ነው ይል ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ዘንዘልማ ላይ የሚሠራው ቤት ሰበብ ሆነ። ቤቱ አልቆ ሲገቡበት ደግሞ አጥር የሚጋራቸው፣ ገና በመሠራት ላይ ያለው የጎረቤት ቤት የመዶሻ ድምፅ ተተካ።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ባለበት ሰሞን፣ በስልኩ አንድ ቃለ መጠይቅ አየ። እንግዳው ሥዕሎቹ ባሕር ማዶ የሚሸጡለት ሠዓሊ ዓምደ ሚካኤል ነበር። ጋዜጠኛዋ ይህን ሁሉ ሥራ እንዴት እንደሠራው ስትጠይቀው ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና የቀኑን ውሎ ዘረዘረላት። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሳይነጋ ይነሣል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል። እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ከሰው ጋር ቃል አይለዋወጥም። የሚሠራው ቆሞ ነው፤ ወንበር ለሰነፍ ነው አለ። እስኪመሽ ድረስ ከተነከረ ሽምብራ በቀር አይቀምስም።

«አርባ ቀን እንዲህ የኖረ ሰው፣ ውስጡ ያለው ነገር በራሱ ጊዜ ይወጣል» ብሎ ዓይኑን ገለጠ።

ጥዑመ ልሳን ይህን አራት ጊዜ ደጋግሞ አየው።

«አርባ ቀን ብቻ» አላት ሚስቱን። «አዲሱ ዓመት ሳይገባ ልብ ወለዱ ያልቃል።»

ትንቢት በየቀኑ ከተማ ወርዳ የሐበሻ ልብስ ጥልፍ የምትሠራ ሴት ናት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ «ሰውየው ሠዓሊ፣ አንተ ጸሐፊ፤ ምን አገናኛችሁ?» አለችው።

«ሥነ ሥርዓት።»

«ታዲያ ሐይቅ ውስጥ ከመግባት ጠረጴዛው ጋ ብትቀመጥ አይቀርብም?»

ጥልፍ ጠላፊ ስለ ድርሰት ምን ታውቃለች ብሎ ተዋት።

ሐምሌ ሃያ ሦስት ቀን ጀመረ። በጭቃው እየተንሸራተተ ሐይቁ ዳር ደረሰ፤ ውሃው የክረምቱን አፈር ጠጥቶ ደፍርሷል። ጉልበቱ ድረስ እንደገባ ከደንገሉ ውስጥ በታንኳ ብቅ ያለ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ «ወንድሜ፣ ጉማሬ አለ እኮ!» ብሎ ጮኸበት። ጥዑመ ልሳን እስከ ስድስት ሰዓት መናገር ስለሌለበት ቃል ሳይወጣው ሱሪውን በእጁ እንደያዘ ሮጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዳሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ በጆግ እየቀዳ ጭንቅላቱ ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ሠዓሊው ስለ ጆግ የተናገረው ነገር አልነበረም።

ቆሞ የሚጽፍበት ረጅም ጠረጴዛ ስላልነበረው ደብተሩን ፍሪጁ ላይ ዘረጋ። ትንቢት ቲማቲም በፈለገች ቁጥር እስክሪብቶውን ይዞ ገለል ይላል። በሳምንቱ ደብተሩን ገልጦ ሲያየው የተነሣበት ሰዓት፣ የውሃው ቅዝቃዜ፣ የእግሩ እብጠትና ሽምብራው ሆዱን እንዴት እንዳደረገው በጥሩ እጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። ስለ ልብ ወለዱ አንድም መስመር የለም። «ገና እየጠራሁ ነው» አለ ለራሱ።

ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ቀን የትንቢት አባት መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ከይፋግ መጡ። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የዓይናቸውን ሞራ ተገፍፈው፣ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ፣ እስኪሽርላቸው ልጃቸው ቤት ሊሰነብቱ ነው። ሲገቡ አማቻቸው ፍሪጁ አጠገብ ቆሟል፤ ሰዓቱ ገና አራት ነው።

«እንደምን ሰነበትህ፣ ልጄ?»

ጥዑመ ልሳን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ወደ ደብተሩ ተመለሰ።

መሪጌታ ባንድ ዓይናቸው አዩት። መክሳቱን አዩ፤ እርጥብ ፀጉሩን፣ በሳህን ያለውን ሽምብራ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሱባኤ ይዘሃል እንዴ?» አሉት።

ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ።

ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ እውነቱን መናገር ይችል ነበር። ነገር ግን በዐሥራ አንድ ዓመት ትዳር ሽማግሌው እንዲህ ባለ ዓይን አይተውት አያውቁም። መጽሐፉን ሲሰጣቸው ገለጥ አድርገው፣ «ተረት ነው?» ብለው የመለሱለት ሰው ዛሬ እሱ እንዳይረበሽ በእግር ጣታቸው ይራመዳሉ። ይህ ጣፈጠው።

«ለአባየ እውነቱን ንገራቸው» አለችው ትንቢት ማታውን።

«ምን ዋሸሁ? ሱባኤ ማለት ከሰው መለየት አይደል?»

«እኔ አልነግርልህም። ራስህ ታፍራለህ።»

መሪጌታ ኪዳን ሊያደርሱ ወደ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ አማቻቸው ለሱባኤ እንደተዘጋ በኩራት አወሩ። ወሬው ባንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ጎረቤቶች ሬዲዮናቸውን ዝቅ አደረጉ። የሚሠራው ቤት ባለቤት ራሱ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀና ሠራተኞቹን እስከ ስድስት ሰዓት መዶሻ እንዳያነሡ አዘዘ። ጥዑመ ልሳን ለዓመታት የለመነው ጸጥታ መጣለት። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቆሞ እስክሪብቶውን ሲያሽከረክር ይውላል። ወረቀቱ ነጭ ነው።

ነሐሴ ዘጠኝ ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ትንቢት ሥራ ሄዳ ሳለ፣ ኪዲ የምትባል ሴት በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ከመሸንቲ መጥታ ጎረቤት በሚሠራው ቤት ድንጋይ የምታመላልስ የቀን ሠራተኛ ናት። የሁለት ዓመት ልጇን አዝላለች።

«አባቴ» አለችው ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፤ «ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ እሳት ተኮሰችብኝ። ሐኪም ቤት ልውሰዳት ወይስ ጠበል? የታየዎትን ይንገሩኝ፤ ያሉኝን አደርጋለሁ።»

ጥዑመ ልሳን የግድግዳውን ሰዓት አየ። ለመናገር ሦስት ሰዓት ይቀረዋል። ዐሥራ ሰባት ቀን አንድም ቃል አላመለጠውም፤ ዛሬ ደግሞ አንድ ዐረፍተ ነገር ሊመጣለት የነበረ መሰለው። የሕፃኗ አንገት በእናቷ ትከሻ ላይ ተልፈስፍሷል። አየው። አይቶም እጁን ዘረጋና ወደ በሩ አመለከታት። ውጪልኝ ማለቱ ነበር።

በሩ ፊቱን ወደ ሐይቁ የሰጠ ነው። ኪዲ እጁ ወዳመለከተበት ዞራ አየች፤ ውሃው ማዶ የታወቀ ጠበል ያለው ገዳም አለ። የበሩን መቃን ስማ ወጣች።

መሪጌታ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«ወዴት ነው?» አሏት።

«ገዳም ውሰጃት አሉኝ፣ መሪጌታ። ጀልባ ሳያመልጠኝ ልድረስ።»

«ተናገረ?»

«በእጃቸው አመለከቱኝ።»

መሪጌታ የሕፃኗን ግንባር ዳሰሱ፤ ዓይኗን ገለጥ አድርገው አዩ። «ይህች ወባ ናት» አሉ። «ጠበሉ የትም አይሄድም፤ አሁን ሐኪም ቤት ነው የምትሄደው። ቁሚ እዚህ።»

ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ።

«ምን ታየህ?» አሉት። ዓይኑ እንደገና ወደ ግድግዳው ሲሄድ ተከትለው አዩት። «ሰዓት ነው የምታይ? ሕፃን ልትሞት ስትል የማይፈታ ሱባኤ አላውቅም። ማነው ያዘዘህ? የንስሓ አባትህ ማነው?»

«የንስሓ አባት አይደለም» አለ ጥዑመ ልሳን በመጨረሻ። «ሠዓሊ ነው።»

«የምን ሠዓሊ?»

«በስልክ ያየሁት። እንዲህ ሲውል ነው ሥራ የሚሠራው። እኔም ለልብ ወለዱ ብዬ…»

መሪጌታ ፍሪጁን አዩት፤ ደብተሩን፣ ሽምብራውን አዩ።

«እኔ ሽማግሌው ላንተ ብዬ በሹክሹክታ ሳወራ ልሰነብት!» አሉ። «ለዚህ ነው የሰው እጅ ከሥራ ያስፈታሁ? በል ና፣ ልጅቱን ተሸከም።»

ባጃጁ በጭቃው ሲዘል ሕፃኗ በጥዑመ ልሳን ደረት ላይ ሁለት ጊዜ አስመለሰች። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ደሟ ታየ፤ ወባው በርትቶባት ነበር። ነርሷ መርፌውን እያዘጋጀች፣ «እስከ ማታ ብትቆዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለች። ቀና ብላም፣ «አባቷ ነዎት?» አለችው።

«የሁላችን አባት ናቸው» አለች ኪዲ ከጎን።

«አማርኛ አስተማሪ ነው» አሉ መሪጌታ። ከዚያ በኋላ እስኪመለሱ ድረስ አላነጋገሩትም።

ሕፃኗ በሦስተኛው ቀን ተነሥታ እንጀራ ጠየቀች። ጥዑመ ልሳን ዐሥራ አንድ ሰዓት መነሣቱን ትቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠና ባንድ ከሰዓት ስምንት ገጽ ጻፈ። አንድ ዝምተኛ መናኝ የታመመች ሕፃን ሲያይ ቃል ኪዳኑን አፍርሶ፣ አቅፏት በዝናብ ሲሮጥ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ለትንቢት ሰጣት። ጥልፏን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ጠቁመህ ያባረርሃትሳ?»

«ለታሪኩ አያስፈልግም።»

«አባየስ የሉበትም?»

«ገጸ ባሕርይ ይበዛል።»

ወረቀቱን መልሳ ሰጠችውና ክር ወደ መርፌዋ አስገባች። ጥዑመ ልሳን ግን ታሪኩን ለአንድ መጽሔት ላከው፤ መስከረም ላይ ወጣ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንዱ ባልደረባው ሰብአዊነቱ ልብ ይነካል አለው፤ እሱም አመሰገነ። መሪጌታ ዓይናቸው ድኖላቸው ወደ ይፋግ ሲመለሱ መጽሔቱን ሊሰጣቸው ነበር፤ ከቦርሳው ሳያወጣው ሚኒባሱ ሄደ።

ያስቸገረችው ኪዲ ናት። ሁለት ጊዜ አስቁሞ እሱ መናኝ እንዳልሆነ፣ ሱባኤም እንዳልነበረ፣ ልጇን ያተረፏት መሪጌታ እንደሆኑ ነገራት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ለድንጋይ አመላላሾቹ ግን፣ «ትሕትናቸው ነው» አለቻቸው። ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ሊይዝ ሲወጣ የተሸከመችውን ድንጋይ አስቀምጣ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እስከ መሬት እጅ ትነሣዋለች፤ ልጅቱንም ጎንበስ ታደርጋታለች። እሱ አሁን በጓሮ በር ወጥቶ፣ ጭቃ በበዛበት በእርሻው መሐል ዞሮ ነው አስፋልቱ ላይ የሚደርሰው።